ኢንተርኔት ለሌለው ትምህርት ቤት ባንድ አሮጌ ላፕቶፕ ሰርቨር መሥራት፣ ከዜሮ ጀምሮ

"ላፕቶፖቹ መጥተዋል፣ ኢንተርኔት ግን የለም፣ ምን እናድርግባቸው?" ይሄን ጥያቄ ከአይሲቲ መምህራን ስንቴ እንደሰማሁት አልቆጥረውም፣ በቴሌግራም በየሳምንቱ አንድ ሰው ይጽፍልኛል፣ እኔም እየቆራረጥኩ በድምፅ ስመልስ ሰለቸኝ። አንዴ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ የጠየቀኝን ሁሉ ወደዚህ እልካለሁ።

ሰርቨር ሲባል ኤሲ ያለው ክፍል ውስጥ የሚንጎራጎር ትልቅ ማሽን እንዳይመስላችሁ። ለሌሎቹ ኮምፒውተሮች ፋይል የሚያድል አንድ ኮምፒውተር ነው፣ በቃ። ቪዲዮው፣ መጽሐፉ፣ መልመጃው እሱ ላይ ይቀመጣል፣ የተማሪዎቹ ላፕቶፖች በዋይፋይ እየመጡ ከሱ ያያሉ። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው እቃውን ለማውረድ ብቻ ነው፣ እሱንም ከተማ ወጥታችሁ ማውረድ ትችላላችሁ። የምጽፈው በዊንዶውስ ነው፣ ምክንያቱም ትምህርት ቤቶቹ ውስጥ ያለው እሱ ነው፣ እና እኔ ሄጄ ከወጣሁ በኋላ የሚነካካው ሰው የሚያውቀውም እሱን ነው።

የሚያስፈልጉ እቃዎች

- ሰርቨር የሚሆን ላፕቶፕ፦ ዊንዶውስ 10 ወይም 11፣ ራሙ 4 ጊጋ ቢሆን ይሄዳል 8 ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ። ኪቦርዱ የተበላሸ ወይ ስክሪኑ የተሰነጠቀም ይሆናል፣ ባትሪው ግን ትንሽም ቢሆን መያዝ አለበት። ከዴስክቶፕ ላፕቶፕ የምመርጠው ለዚህ ነው፣ መብራት ድንገት ሲጠፋ የራሱ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያስቀጥል ባትሪ) አብሮት አለ።
- ቢያንስ 250 ጊጋ ባዶ ቦታ። ካልበቃ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ።
- ዋይፋይ ራውተር፦ ተራው ቲፒ ሊንክ ይበቃል። ሲም የሚያስገባ አያስፈልግም።
- የኔትወርክ ኬብል፣ 2 ወይም 3 ሜትር፣ ሰርቨሩን ከራውተሩ ለማገናኘት።
- ለራውተሩ የምትሆን ትንሽ ዲሲ ዩፒኤስ፣ ቮልቴጇ ከራውተሩ አዳፕተር ጋር አንድ መሆን አለበት (9 ወይ 12 ቮልት፣ አዳፕተሩ ላይ ተጽፏል)።
- ማርከርና ፕላስተር። አትሳቁ፣ በኋላ ታዩታላችሁ።

1. ከተማ ላይ ሁሉንም አውርዱ

የሚወርዱት ሶስት ናቸው። አንደኛ ኮሊብሪ፣ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ተብሎ የተሠራ ነፃ የመማሪያ ፕሮግራም ነው፣ ተማሪው በስሙ ይገባል፣ ቪዲዮ ያያል፣ ጥያቄ ይሠራል፣ መምህሩ ማን የት እንደደረሰ ያያል። ሁለተኛ ኪዊክስ፣ እሱ ደግሞ ዊኪፒዲያን የመሳሰሉትን ባንድ ፋይል ጠቅልሎ የሚያነብ ነው። ሶስተኛ የክሮም ወይም የፋየርፎክስ ኢንስቶለር፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ትንሿ ኢንስቶለር ስትከፈት እንደገና ከኢንተርኔት ነው የምታወርደው፣ "ኦፍላይን" የሚለውን ሙሉውን ፈልጉ አለዚያ ትምህርት ቤት ደርሳችሁ ታፍራላችሁ።

ኮሊብሪን ከተማ እያላችሁ ሰርቨሩ ላይ ጫኑትና ትምህርቱንም እዛው አስገቡ (ደረጃ 5 እና 6)፣ ለኪዊክስም ፋይሎቹን አውርዱለት። ቀሪው ትምህርት ቤት ይሠራል።

ማስጠንቀቂያ፦ ትልልቅ ፋይሎችን በፍላሽ የምታመላልሱ ከሆነ ፍላሹ በፋት 32 ፎርማት የተደረገ እንዳይሆን። ፋት 32 ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ ፍላሹ 128 ጊጋ ባዶ ቦታ እያለው "ፋይሉ ትልቅ ነው" ይላችኋል። ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ አድርጉት፣ ግን ፎርማት ስታደርጉ ውስጡ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ አትርሱ።

2. ሰርቨሩ እንዳይተኛ አድርጉ

ላፕቶፕ ዝም ካሉት ይተኛል፣ ሰርቨር ተኛ ማለት ደግሞ 40 ተማሪ ባዶ ስክሪን እያየ ቁጭ አለ ማለት ነው። ሴቲንግ ውስጥ ፓወር የሚለው ጋ ግቡና ስሊፕ የሚለውን "ኔቨር" አድርጉ፣ ቻርጀር ሲሰካም ሳይሰካም። ከዛ ኮንትሮል ፓናል ውስጥ ክዳኑ ሲዘጋ የሚሆነውን "ዱ ናቲንግ" በሉት። ይቺን ሁለተኛዋን ብዙዎች ይዘሏታል፣ ከዛ የጽዳት ሠራተኛዋ አቧራ ስትጠርግ ክዳኑን ከደን ታደርገዋለች፣ አለቀ።

ሰዓቱንም እዛው አስተካክሉ። ዊንዶውስ ላይ አዲስ አበባ የሚል የሰዓት ክልል ስለሌለ ናይሮቢ የሚለውን ምረጡ፣ ሰዓታችን አንድ ነው። ቀኑ ከተሳሳተ የተማሪዎቹ ሪፖርት በሙሉ በተሳሳተ ቀን ነው የሚመዘገበው። ዴስክቶፕ የምትጠቀሙ ከሆነና ከሶኬት በነቀላችሁት ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 ናት፣ ቀይሯት።

3. ራውተሩን ትከሉ

ሰርቨሩን በኬብል ራውተሩ ላይ ካሉት የላን (የክፍሉ ኮምፒውተሮች የሚሰኩባቸው) ቀዳዳዎች አንዱ ጋ ሰኩት። ብቻዋን በሌላ ቀለም ያለችው፣ ብዙዎቹ ላይ ሰማያዊ፣ ዋን ናት፣ ከውጭ ኢንተርኔት የሚገባባት፣ እሷን ተዋት። ሰርቨሩ እሷ ላይ ከተሰካ ራውተሩ እንደ ውጭ ሰው ነው የሚያየው፣ ላፕቶፖቹ አያገኙትም።

ሰርቨሩ ለምን በኬብል? ምክንያቱም በዋይፋይ ከሆነ እያንዳንዱ ቪዲዮ ባየር ላይ ሁለቴ ይሄዳል፣ ከሰርቨሩ ወደ ራውተሩ ከዛ ከራውተሩ ወደ ተማሪው፣ ያለችውን ዋይፋይ ለሁለት ከፈላችኋት ማለት ነው።

ራውተሩን ከፍ አድርጋችሁ ክፍሉ መሃል አካባቢ ስቀሉት። ከሌብነት ለማዳን ብለው ብረት ካቢኔት ውስጥ ቆልፈው የሚያስቀምጡ አሉ፣ ይገባኛል፣ ግን ብረት ሲግናሉን ይበላዋል፣ ካስፈለገ ሰርቨሩን ቆልፉበትና (አየር እንዲያገኝ ከኋላ ክፍት አድርጋችሁ) ራውተሩን ውጭ ተዉት።

የዋይፋዩን ስምና ፓስዎርድ ቀይሩ። ፓስዎርዱን ለተማሪ አትንገሩ፣ ላፕቶፖቹ ላይ ራሳችሁ አስገቡት። ለምን ካላችሁ፣ ፓስዎርዱ ባንድ ቀን ግቢውን ይዞራል፣ ስልክ ሁሉ ይገባና ላፕቶፖቹ ቦታ ያጣሉ።

4. ለሰርቨሩ የማይቀየር አድራሻ ስጡት

ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄንን ያዙ። ራውተር ለገባው ኮምፒውተር ሁሉ አይፒ አድሬስ ያድላል፣ ዛሬ 192.168.0.101 የሰጠውን ነገ ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። ተማሪዎቹ ሰርቨሩን የሚያገኙት በዚህ ቁጥር ስለሆነ ቁጥሩ ተቀየረ ማለት ሰርቨሩ ጠፋ ማለት ነው።

እኔ ራሴ መጀመሪያ ሰሞን ይሄን ዘልዬ ነበር። አርብ ሁሉ ነገር አሪፍ ሆኖ አስጨብጭበውልኝ ወጣሁ፣ ሰኞ ጠዋት ተደወለ፣ አንድም ላፕቶፕ አይከፍትም። በስልክ ይሄን ንኩ ያን ንኩ ብዬ አልሆን ሲል ሁለት ሰዓት በሚኒባስ ተመልሼ ሄድኩ፣ ለካ ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ ለሰርቨሩ ሌላ ቁጥር ሰጥቶታል። ሥራው የሁለት ደቂቃ ነበር፣ መንገዱ ግን ቀኑን በላው።

አሠራሩ፦ ብራውዘር ላይ የራውተሩን አድራሻ ጻፉ፣ ከሥሩ ስቲከር ላይ አለ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.0.1 ነው። ግቡና ዲኤችሲፒ (አድራሻ የሚያድለው ክፍል) የሚለውን ፈልጉ፣ እዛ ውስጥ "አድሬስ ሪዘርቬሽን" አለ፣ የሰርቨሩን ስም ከዝርዝሩ ምረጡና አንድ ቁጥር እሰሩለት፣ ለምሳሌ 192.168.0.110። ሴቭ፣ ከዛ ራውተሩንም ሰርቨሩንም አጥፍታችሁ አብሩ። ልብ በሉ፣ ይሄ የሚታሰረው ለኬብሉ ካርድ ነው፣ ነገ ኬብሉን ነቅላችሁ በዋይፋይ ብትገቡ ቁጥሩ ይቀየራል።

አሁን ማርከሩን አምጡ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፋችሁ ላፕቶፑ ላይም ግድግዳው ላይም ለጥፉ።

5. ኮሊብሪን ክፈቱ

መጀመሪያ ሲከፈት ጥያቄዎች ይጠይቃል። ለብቻ ወይስ ለቡድን ሲል "ግሩፕ ለርኒንግ"፣ ምን ዓይነት ዲቫይስ ሲል "ፉል ዲቫይስ"፣ ከዛ አዲስ ተቋም ፍጠር በሉት። ያለ ስም መግባት ይፈቀድ ወይ ሲል መጀመሪያ ሰሞን ፍቀዱ፣ ለሙከራ ያመቻል። ለተማሪ ፓስዎርድ ይኑር ወይ ሲል ለታናናሾቹ ባይኖር ይሻላል፣ አለዚያ ክፍለ ጊዜው "ቲቸር ረሳሁት" ሲባል ያልቃል።

የዋናውን አድሚን ፓስዎርድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለዳይሬክተሩ ፋይል ስጡ። በኢሜይል ሪሴት ማድረግ የሚባል ነገር የለም፣ መምህሩ ዝውውር ደርሶት ቢሄድ ሰርቨሩ ቁልፉ እንደጠፋ ሳጥን ነው የሚሆነው።

6. ትምህርቱን አስገቡ

ኮሊብሪ ውስጥ ዲቫይስ ከዛ ቻናልስ (የትምህርት ጥቅሎቹ) ከዛ ኢምፖርት። ኢንተርኔት ካለ ከኮሊብሪ ስቱዲዮ (ትምህርቶቹ ካሉበት የኮሊብሪ ድረ ገጽ) በቀጥታ ይወርዳል። ሌላ ትምህርት ቤት ኮሊብሪ ካለ ደግሞ እዛ ኤክስፖርት አድርጋችሁ በሃርድ ዲስክ ማምጣት ይቻላል፣ ዳታ ለሚቆጥብ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ሃርድ ዲስኩ ላይ ኮሊብሪ ዳታ የሚል ፎልደር ይፈጥራል፣ ስሙን አትቀይሩ፣ ሌላ ፎልደር ውስጥም አትክተቱት፣ ካንቀሳቀሳችሁት አያገኘውም።

ሁሉንም ካላወረድኩ አትበሉ። የካን አካዳሚ (ነፃ የቪዲዮ ትምህርቶች) እንግሊዝኛው ብቻውን በአስሮች የሚቆጠር ጊጋ ነው። ኢምፖርት ስታደርጉ ርዕስ በርዕስ መምረጥ ይቻላል፣ የ9ኛ ክፍል የሒሳብ መምህሩን አስቀምጡና የዚህን ሴሚስተር ርዕሶች ብቻ አብራችሁ ምረጡ። የፌት ሲሙሌሽኖችን (ስክሪን ላይ የሚሠሩ የሳይንስ ሙከራዎች) ግን አትዝለሉ፣ ላብራቶሪ በሌለበት ትምህርት ቤት ሰርኪዩት የሚሠራው፣ ፔንዱለም የሚያወዛውዘው እዛ ላይ ነው፣ ከቪዲዮም በጣም ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው።

የራሳችንን መማሪያ መጽሐፍ ፒዲኤፍ እንዴት አስገባለሁ የሚል ጥያቄ አለ። ኮሊብሪ ስቱዲዮ ላይ ነፃ አካውንት ከፍታችሁ የራሳችሁን ቻናል ትሠራላችሁ፣ ፒዲኤፉን ትጭናላችሁ፣ ከዛ እንደሌላው ቻናል ኢምፖርት ይደረጋል። ይሄም ኢንተርኔት ስለሚፈልግ ከተማ እያላችሁ ጨርሱት።

7. ኪዊክስን ጨምሩ

ኪዊክስን ዚፑን ፈትታችሁ ክፈቱት፣ ያወረዳችሁትን የዊኪፒዲያ ፋይል ክፈቱበት። የአማርኛው ከ1 ጊጋ በታች ስለሆነ ሳታስቡ ውሰዱት። እንግሊዝኛው ሶስት ዓይነት አለው፣ "ሚኒ" የጽሑፎቹ መግቢያ ብቻ፣ "ኖፒክ" ሙሉ ጽሑፍ ያለ ፎቶ፣ "ማክሲ" ሁሉንም የያዘ፣ እሱ ከ100 ጊጋ በላይ ነው። ለትምህርት ቤት ኖፒክ ይበቃል ባይ ነኝ፣ ባዮሎጂ መምህሩ ባይስማማም።

ከዛ ሜኑው ውስጥ "ሎካል ኪዊክስ ሰርቨር" የሚለውን ነክታችሁ ስታርት በሉት። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ፣ ኪዊክስም ኮሊብሪም 8080 የምትባለውን ፖርት (ፕሮግራሙ የሚገኝበት የበር ቁጥር በሉት) ነው የሚፈልጉት፣ ቀድሞ የያዘው ይሠራል ሌላው እምቢ ይላል። የኪዊክስ ሴቲንግ ውስጥ ፖርቱን 8181 አድርጉት። ኮሊብሪ በየትኛው እንደተነሳ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ዲቫይስ ከዛ ኢንፎ የሚለው ገጽ ላይ አድራሻውን ከነፖርቱ ጽፎታል።

8. ፋየርዎሉን ክፈቱና ሞክሩ

ፋየርዎል ከሌላ ኮምፒውተር የሚመጣውን የሚከለክል የዊንዶውስ ዘበኛ ነው፣ ሁለቱን ፕሮግራሞች መጀመሪያ ስትከፍቱ "ልፍቀድለት ወይ" ይላል። ፕራይቬትም ፐብሊክም ላይ ምልክት አድርጋችሁ ፍቀዱ፣ ምክንያቱም ኢንተርኔት የሌለውን ኔትወርክ ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ፐብሊክ ብሎ ነው የሚመድበው። "ካንስል" ያለ ሰው ደግሞ ዘጋሁት ማለቱ ነው፣ ሁለተኛ አይጠየቅም። እንደዛ ከሆነ ኮንትሮል ፓናል፣ ዊንዶውስ ዲፌንደር ፋየርዎል፣ "አላው አን አፕ" ውስጥ ገብታችሁ ሁለቱንም ሳጥን ሙሉ።

ሙከራውን በቅደም ተከተል አድርጉት፦ መጀመሪያ ሰርቨሩ ራሱ ላይ፣ ከዛ ባንድ ላፕቶፕ፣ ከዛ በአምስት፣ ከዛ በሙሉ ክፍል። እንደዚህ ስትሄዱ ችግሩ የት ጋ እንዳለ ታውቁታላችሁ። ሰርቨሩ ላይ ተከፍቶ ላፕቶፕ ላይ ካልተከፈተ ወይ ፋየርዎል ነው ወይ አድራሻ። በአምስት ሠርቶ በአርባ ካልሠራ ዋይፋዩ ነው።

9. ተማሪዎቹን መዝግቡ

አንድ በአንድ አትጻፉ፣ በኤክሴል አዘጋጅታችሁ በሲኤስቪ (ተራ የሰንጠረዥ ፋይል ነው) ባንዴ ማስገባት ይቻላል። የመግቢያ ስም ክፍል፣ ሴክሽንና ተራ ቁጥር ይሁን፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሶስት አበበ አለ። ሙሉ ስሙን በአማርኛ ከጻፋችሁ ሴቭ ስታደርጉ "ሲኤስቪ ዩቲኤፍ 8" የሚለውን ምረጡ፣ ተራውን ሲኤስቪ ከመረጣችሁ ስሞቹ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆነው ቁጭ ይላሉ።

10. የተማሪዎቹ ላፕቶፖች

ብራውዘሩን ጫኑ (ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር አይሆንም)፣ ዋይፋዩን አስገቡ፣ የሰርቨሩን አድራሻ የብራውዘሩ መነሻ ገጽ አድርጉት። ሲጻፍ ኤችቲቲፒ፣ ሁለት ነጥብ፣ ሁለት ስላሽ፣ ከዛ 192.168.0.110:8080 ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው ፖርት ካልተጻፈች አይከፈትም፣ መጀመሪያውን ደግሞ ኤችቲቲፒኤስ ብላችሁ ኤስ ከጨመራችሁም አይከፈትም። ኪዊክስን ለመክፈት መጨረሻውን 8181 አድርጉት። 40 ላፕቶፕ ላይ መሥራት ይሰለቻል፣ ግን ልጅ ቁጥር በቁጥር እንዲጽፍ ከተተወ ግማሹ ነጥብ ይረሳል።

መብራትን በተመለከተ (ይሄን አትዝለሉ)

የ40 ላፕቶፕ ቻርጀር፣ እያንዳንዱ 65 ዋት ቢሆን፣ 2600 ዋት ነው። በ220 ቮልት ወደ 12 አምፔር ገደማ ይመጣል፣ 10 አምፔር የሚችል ዲቫይደር ላይ ሁሉንም መቀጣጠል ማለት እሳት መጥራት ነው። ዲቫይደር ላይ ዲቫይደር አትሰኩ። አስር አስር እያደረጋችሁ በየተራ ቻርጅ አድርጉ፣ በተለያየ የግድግዳ ሶኬት። ሰርቨሩንና ራውተሩን ከቻርጀሮቹ ለይታችሁ ለብቻ ሶኬት ስጧቸው፣ አለዚያ አንድ ልጅ ቻርጀር ሲነቅል ክፍሉን በሙሉ ያጠፋዋል።

ዴስክቶፕ ሰርቨር ካደረጋችሁ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ሴቲንግ) ውስጥ ገብታችሁ መብራት ሲመጣ በራሱ እንዲበራ አድርጉት፣ ዩፒኤስም የግድ ነው። ሃርድ ዲስክ እየጻፈ እያለ መብራት ከጠፋ ዳታው ሊበላሽ ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚገጥሙ ስህተቶች

"ዋይፋዩ ኢንተርኔት የለም ይላል።" አዎ የለም፣ ልክ ነው። ስልክ ላይ ግን ችግር ያመጣል፣ ኢንተርኔት የለውም ብሎ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል፣ የዛን ጊዜ ዳታውን አጥፍታችሁ ሞክሩ።

"ቪዲዮው ይቆራረጣል።" ራውተሩ ካርቶን ላይ ፍጥነቱ 300 ቢልም 40 ሰው ባንዴ ቪዲዮ ሲከፍት አይችልም። ሁለት ሁለት ሆነው ባንድ ላፕቶፕ ይዩ፣ ወይ ግማሹ ቪዲዮ ሲያይ ግማሹ ጥያቄ ይሥራ። ላፕቶፖቹ ከቦታቸው የማይንቀሳቀሱ ከሆነ ስዊች (ብዙ የኔትወርክ ቀዳዳ ያለው ማከፋፈያ) ገዝታችሁ በኬብል አድርጉት፣ ኬብሉ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል።

"ሁለተኛ ራውተር ጨመርን፣ አሁን ግማሹ ክፍል ያገኛል ግማሹ አያገኝም።" ሁለቱም ራውተሮች አድራሻ እያደሉ ነው። የሁለተኛውን አድራሻ 192.168.0.2 አድርጉ፣ ዲኤችሲፒውን አጥፉ፣ ከዛ ከላን ወደ ላን በኬብል አገናኟቸው። የዋይፋይ ቻናላቸውንም ለያዩ፣ አንዱን 1 ሌላውን 6 ወይ 11።

"ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆኑ።" የተማሪ ፍላሽ ሰርቨሩ ላይ ተሰክቷል፣ ቫይረስ ነው። ሰርቨሩ ላይ ፍላሽ የሚሰካው አንድ ሰው ብቻ ይሁን።

"ለትንሽ ጊዜ ከስልኬ ኢንተርኔት ሰጠሁት፣ ካርዴ አለቀ።" የዊንዶውስ አፕዴት ወስዶት ነው። ከስልክ ስታገናኙ "ሚተርድ" (ዳታ ቆጥብ እንደማለት) የሚለውን አብሩ።

በየወሩ መጨረሻ ኮሊብሪን ዘግታችሁ የተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ ዶት ኮሊብሪ የሚለውን ፎልደር ሃርድ ዲስክ ላይ ኮፒ አድርጉ፣ የልጆቹ ውጤት እዛ ውስጥ ነው። ሳትዘጉ ኮፒ ካደረጋችሁ ግማሽ የተጻፈ ፋይል ልትይዙ ትችላላችሁ።

መጨረሻ ላይ ግድግዳው ላይ የምትለጥፉት ወረቀት ይቀራል፣ እናንተ በሌላችሁ ቀን የኮምፒውተር ክፍሉን የሚከፍተው ሰው የሚያነበው። እኔ የምጽፈው ይሄን ነው፦ ራውተሩን አብራ፣ መብራቶቹ እስኪረጉ ጠብቅ። ሰርቨሩን አብራ። ኮሊብሪ መነሳቱን እይ፣ ካልተነሳ ክፈተው። ኪዊክስን ክፈትና ስታርት በለው፣ እሱ በራሱ አይነሳም። ባንድ ላፕቶፕ ሞክር። ካልሠራ ምንም ሳትነቅል ደውል። ከሥሩ ስልካችሁን።